የጋሽ ፍሬቻ ያገለገለ ጄት

ለዘመድ አዝማድ፣ ለጎረቤት፣ ለወዳጅም ለጠላትም ይታወቅ ዘንድ፦ በዛሬው ዕለተ ቅዳሜ፣ ገና ቁርስ ሳይቀርብ፣ ጋሽ ፍሬቻ ካልሲውን ያጠለቀው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ነው። ቀኙንም፣ ግራውንም።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰውየውን ለማያውቀው ነው። ይህን ስም ያወጡለት የገዛ አውቶቡሶቹ ሾፌሮች ናቸው። አውቶቡስ ከመታጠፉ በፊት ፍሬቻ እንደሚያበራ ሁሉ፣ እሱም አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ሳያስታውቅ አይሆንለትም። «አሁን ልቀመጥ ነው» ይልና ይቀመጣል። «አሁን ሻዩን ፉት ልል ነው» ይልና ፉት ይላል። ሠራተኛ ሲቆጣ እንኳ «አሁን ልቆጣ ነው» ብሎ ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ጥፋተኛው ሮጦ ሽንት ቤት ይገባና ቁጣው ባዶ ክፍል ውስጥ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ሰው ካልሲ ሲያጠልቅ ዝም ካለ፣ ሚስት የሆነች ሴት አርፋ አትተኛም። ባለቤቱ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና ከእግሩ እስከ ራሱ መረመረችው።

«ሰውዬ፣ አሞሃል?»

«ምን ያመኛል?»

«ካልሲህን አጠለቅህ እኮ።»

«አጠለቅሁ።»

«እህ» አለችና ተመልሳ ጋደም አለች። ይቺ «እህ» አጭር ብትሆንም ከአንድ ገጽ ስድብ ትከብዳለች። ጋሽ ፍሬቻ ይቺው «እህ» ጀርባው ላይ ተለጥፋ ስትከተለው እየተሰማው ወደ ሳሎን ወጣ፣ ሻዩንም ሳያስታውቅ ጠጣ፣ የመኪናውን ቁልፍም ሳያስታውቅ አነሣ።

ዝም ያለው የሚናገረው አጥቶ አልነበረም። ነገሩ ከአፉ በላይ ስለሆነበት ነው። ጋሽ ፍሬቻ ዛሬ አውሮፕላን ሊያይ፣ ካማረው ደግሞ ሊገዛ ነበር። ያውም ጄት። ያውም ያገለገለ። ሰው አውሮፕላን የሚገዛው አንድም ሥራው አስገድዶት ነው፣ አንድም ክብር አምሮት ነው፣ አለዚያም ጎረቤቱ ገዝቶ እንቅልፍ ነስቶት ነው። የጋሽ ፍሬቻ ምክንያት ግን ድስት ነበር። ባለፈው እሑድ ባለቤቱ አራቱ ልጆቿ ይመጣሉ ብላ ለስድስት ሰው አበሰለች። ዶሮው ተጠበሰ፣ ድንቹ ተላጠ፣ ሾርባው በትልቁ ድስት ተጣደ። ከዚያ ስልኩ መደወል ጀመረ። የበኩር ልጁ፣ ሐኪሟ፣ «አባዬ፣ መንገዱ እኮ ወገብ ይቆርጣል» አለች። ተከታዩ፣ ጠበቃው፣ «ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል» አለ። ሦስተኛዋ፣ ባንክ የምትሠራው፣ መንገዱን ከነዳጅ ጋር አባዝታ ኪሳራውን አስረዳችው። የመጨረሻው፣ ቤት ውስጥ ጭራው የሚባለው፣ «አባዬ፣ መንገዱ...» ብሎ ሲጀምር መስመሩ ተቋረጠ፤ ደግሞም አልደወለም። ባልና ሚስት ያን ሾርባ እየተያዩ እስከ ሐሙስ ጠጡት። ሐሙስ ማታ ባለቤቱ ድስቱን ስታጥብ ምንም አላለችም። ጋሽ ፍሬቻን የበላው ይሄ ምንም አለማለቷ ነው።

ይህን ሁሉ የመንገድ ስሞታ የሚሰማው ደግሞ ማን ሆነና ነው? ዕድሜ ልኩን መንገድ ሲሸጥ የኖረ ሰው! የእሱ አውቶቡሶች በየማለዳው ወደ እነዚያው አራት ከተሞች ይሄዳሉ፣ በየማታው ይመለሳሉ። የሰው ልጅ ሁሉ በእሱ አውቶቡስ ተሳፍሮ እናቱን ይጠይቃል፤ የገዛ ልጆቹን ግን መንገዱ ራቃቸው። በዚያ ላይ ጠበቃውና ባንከኛዋ ከሞተች አያታቸው በቀረ ፍሪጅ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም። አንዱ የሚመጣበትን ሳምንት ሌላው ሰልሎ ያመልጣል፤ ፍሪጁ ግን ለማንም ሳይሆን ጓዳ ቆሞ ያንጎራጉራል። «ናፍቃችሁኛልና ኑ» ማለት ይቻል ነበር። ሰው እንዲህ ይላል። ጋሽ ፍሬቻ ግን መቀመጡንም መቆጣቱንም ሲያስታውቅ የኖረው ሰውዬ፣ «አሁን ልናፍቅ ነው» ብሎ አስታውቆ አያውቅም፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ እንደ አሮጌ ማርሽ አልገባ ይለዋል። ልጆቹ አዝነውለት እንዲመጡ አልፈለገም። ሰበብ አጥተው እንዲመጡ ፈለገ። ችግሩ መንገዱ ነው? እሺ፣ መንገዱን ማጥፋት ነው። የአሮጌው ጋራዥ ቦታና ስድስት አውቶቡስ ቢሸጥ ይበቃል።

በጋራዡ በኩል አለፈና ዋና ሜካኒኩን ጫነ። ሜካኒኩ ብሎን ይባላል፤ አጭር፣ ጠንካራና አንዴ ከገባበት የማይወጣ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው ካረጁ ወዲህ አለቃና ሠራተኛ መሆናቸውን የሚያስታውሱት በደመወዝ ቀን ብቻ ነው።

«ምን ልናይ ነው?» አለ ብሎን፣ ገና ቀበቶውን ሳያስር።

«ያገለገለ ነገር።»

«ስንት ጎማ?»

ጋሽ ፍሬቻ ትንሽ አሰበ። «ሦስት።»

«ባጃጅ? በስተርጅና ባጃጅ ልትገዛ ነው? ወንድሜ፣ ከሚስትህ ጋር ተማክረሃል?»

«ዝም በል።»

ብሎን ዝም አለ፤ ዝምታው ግን አውሮፕላን ጣቢያው አጥር ጋ እስኪደርሱ ብቻ ነበር። ወደ መንገደኞች በር ሲሄዱ ጥበቃው መለሳቸውና በስተጀርባ ባለች ጠባብ በር ግቡ አላቸው፤ የግል አውሮፕላን ያለው ሰው የሚገባው በዚያ ነው። «ሀብታም በጓሮ ነው የሚገባው?» አለ ብሎን ተገርሞ፤ «እኔ ዕድሜ ልኬን በጓሮ ስገባ ለካ ሀብታም ነበርኩ!» ከዚያ ነገሩ ገባው። ቆመ። አለቃውን አየው፣ ሰማዩን አየው፣ እንደገና አለቃውን አየው። «አንተ ሰውዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ክንፍ ያለው ነገር እንዳይሆን ብቻ።»

ክንፍ ነበረው። የአውሮፕላን መጠለያው ሃንጋር ትልቅ የገበያ አዳራሽ ያህላል፤ ወለሉ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ፊት ያሳያል። ብሎን ደፉ ላይ ቆሞ የጫማውን ሶል ገልብጦ አየ፣ ከዚያ የዘይት ጠብታ ፍለጋ ዓይኑን ወለሉ ላይ አንከራተተ፣ አጣ። «ዘይት የሌለበት ጋራዥ?» ሲል አጉረመረመ። «እነዚህ ሰዎች ወይ አይሠሩም፣ ወይ ይደብቃሉ።» ከወለሉ እኩል የሚያበራ ጸጉር ያለው ሰው እጁን ዘርግቶ መጣና ራሱን የአቪዬሽን አማካሪ ብሎ አስተዋወቀ። «ደላላ ነህ ማለት ነው» አለ ጋሽ ፍሬቻ፤ ሊያሳንሰው አልነበረም፣ ለመግባባት ብሎ ነው። ደላላው ፈገግታውን ሳያጥፍ ወደ መሐል መራቸው። እዚያ ነጭ፣ ጠባብ፣ አፍንጫው ሹል፣ ሁለት ሞተሩን ከጭራው አጠገብ በብብቱ እንደያዘ ሰው የታቀፈ ነገር ቆሟል። ከጋሽ ፍሬቻ ትንሹ አውቶቡስ አይተልቅም።

«ይሄ ነው?» አለ ብሎን። «ጫጩት ነው እንዴ? ገና ያድጋል?»

«ቀላል ጄት ነው፣ ጌታዬ» አለ ደላላው። «ሁለት አብራሪ፣ ስድስት መንገደኛ። ባለቤቱ ተለቅ ያለ ገዝተው ነው ይሄን የሚሸጡት።»

ስድስት የሚለውን ቃል ሲሰማ የጋሽ ፍሬቻ ልብ ዘለለ፤ ፊቱን ግን ኮስተር አድርጎ ያዘው። በአሮጌ አውቶቡስ ገበያ ፊቱን የፈታ ገዢ ኪሱን ፈታ ማለት ነው። የገበያው ሕግ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ተራ በተራ ተጠቀመበት። አንደኛ ሞተሩን በመዳፉ ነካ፤ ገዢ ሳይመጣ ሞተር ያሞቀ ሻጭ የሚደብቀው በሽታ አለበት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ መዳፉ ግን ነጩ ላይ ታትሞ ቀረና ደላላው ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ አሸት አሸት አደረገው። ጎማውን በጫማው ረገጥ አደረገ። ብሎን ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ገባና ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ጠብታ አገኘ፤ በጣቱ ነክቶ፣ አሽትቶ፣ በመጨረሻ ቀመሳት። «ውሃ ናት» አለ፣ ተስፋው ተሟጦ። «ጠዋት አጥበነው ነው» የሚል የሴት ድምፅ ከበላዩ መጣ። አብራሪዋ ነበረች፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች፣ ሳቋን በግድ የያዘች ወጣት። ጋሽ ፍሬቻ ወዲያው ደላላውን ትቶ ወደ እሷ ዞረ፤ ምክንያቱም ያገለገለ ነገር ስትገዛ ባለቤቱን አትጠይቅ፣ ሾፌሩን ጠይቅ ይላል የገበያው ሕግ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዳገት ላይ እንዴት ነው?»

«አባባ፣ ሰማይ ላይ ዳገት የለም።»

«ሲነሣ ማለቴ ነው።»

አብራሪዋ ደላላውን በጎን አየችው፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲነሣ ምሳ እንደረፈደበት ሰው ነው የሚነሣው» አለችው። ጋሽ ፍሬቻ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደዳት፣ አውሮፕላኑንም ወደደው። «ወደነዚህስ ይደርሳል?» ብሎ የአራቱን ልጆቹን ከተሞች ጠራላት፤ አራቱም ማረፊያ አላቸው፣ የሩቁም ቢሆን ሻይ ቀርቦ ሳይቀዘቅዝ ይደረስበታል አለችው። አራት ሰበብ በአንድ ጠዋት አለቀለት።

ደረጃው አጭር ነው፣ የሚገባውም ጎንበስ ብሎ ነው። ይህን ሁሉ ሚሊዮን ከፍሎ ቀጥ ብሎ መቆም የሚከለከል ሰው የጄት ገዢ ብቻ ይመስላል። ውስጡ ያረጀ ቆዳና የሎሚ ማጽጃ ይሸታል። ከመቀመጫዎቹ አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ከበስተኋላ ናቸው። ጋሽ ፍሬቻ በአንዱ ተቀመጠ፣ ብሎን ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ጉልበታቸው ተጋጨ። ጋሽ ፍሬቻ ጉልበቱን አየ። ሊያሸሽ ቦታ የለም። በቀኝ ግድግዳ፣ በግራ መተላለፊያ፣ ፊት ለፊት የሌላ ሰው ጉልበት። በዚህች ቅጽበት የጠበቃውን ረጅም ጉልበትና የባንከኛዋን ቀጭን ጉልበት እዚያች ጥበት ውስጥ በዓይነ ኅሊናው አስቀመጣቸው።

«ልጄ» አለ ወደ አብራሪዋ ቀና ብሎ፣ «እዚህ ውስጥ ሰው ተኮራርፎ መሄድ ይችላል?»

«ይችላል» አለች። «ግን በጣም ይደክማል። ዓይን የሚጥሉበት ቦታ የለም።»

«ይቺ ጠረጴዛስ?» ከግድግዳው የምትወጣውን ታጣፊ ጠረጴዛ ጎተተ። «ድስት ትችላለች?»

«ላፕቶፕ ትችላለች።»

«ድስት ነው ያልኩሽ።»

«ባዶ ከሆነ።»

ብሎን እስከዚህ ድረስ መስኮቱን፣ ቀበቶውን፣ የራስጌ መብራቱን ሲጎረጉር ቆይቶ አሁን እጁን አቆመ። ቀስ ብሎ አለቃውን አየው። ሃያ ምናምን ዓመት የአንድን ሰው ሞተር ያዳመጠ ጆሮ የቱ ጋ እንደሚንኳኳ ያውቃል። «ለልጆቹ ነው አይደል?» አለው በሹክሹክታ። ጋሽ ፍሬቻ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የሃንጋሩ ግድግዳ ብቻ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ አየው። ብሎንም ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑን አላማውም። እንዲያውም ሲወጣ ሆዱን መታ መታ አደረገለት።

ዋጋ የተነጋገሩት በክንፉ ሥር ቆመው ነው። ደላላው ብዙ ሚሊዮን ጠራ፤ ጋሽ ፍሬቻ ከተጠራው ሲሶውን ገምሶ ጣለና የቀረውን ጠራ። ደላላው አልተቆጣም፣ በእናቱም አልማለም፣ «ይሄማ የብረቱ ዋጋ ነው» ብሎም አልጮኸም። ትሕትና በሞላበት ድምፅ «መልካም ጌታዬ፣ ለባለቤቱ አስተላልፋለሁ» አለ። እዚህ ላይ ነው ጋሽ ፍሬቻ የተሳሳተው። በአሮጌ አውቶቡስ ገበያ «ለባለቤቱ አስተላልፋለሁ» የሚል ሰው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ጀርባ መስጠት። ዞረህ ትሄዳለህ፣ እሱ ይጠራሃል፣ አትዞርም፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ ትሄዳለህ፣ በር ላይ ስትደርስ እጀታህን ይዞ ይጎትትሃል። ጋሽ ፍሬቻ በዚህ መንገድ የገዛቸው አውቶቡሶች ዛሬም ሰው ይጭናሉ። ስለዚህ «አይሆንም!» አለና ዞረ፣ ሄደ። ብሎንም ሕጉን ስለሚያውቅ ከኋላው ተከተለ።

«ዞር እንዳትል» አለው ጋሽ ፍሬቻ ከጥርሱ መሐል።

«አልዞርም።»

«ቀስ በል ግን።»

ሃንጋሩ ሲገቡ ይህን ያህል አይሰፋም ነበር። ነጩ ወለል ላይ የሁለት ሽማግሌ ጫማ ብቻ ቋ ቋ ይላል። የሚጠራ የለም። ጋሽ ፍሬቻ ቁልፉን ጣለና ለማንሣት ጎንበስ አለ፤ በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ ሰርቆ ሲያይ ደላላው እዚያው ቆሞ በፍቅር ፈገግ ይላል። ቀና አለ። የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ሞከረ፤ ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። ብሎን ዝም ከማለት ይሻላል ብሎ ሳል ጀመረ፣ ሳሉን አስረዘመ፣ ማንም ውሃ እንኳ አላቀረበም። በሩ ደረሰ። እጀታ የሚይዝ እጅ አልመጣም። በሩን አልፈው አስፋልቱ ላይ ትንሽ እንደ ተጓዙ ቢጫ መብራት የምታሽከረክር ትንሽ መኪና ከየት መጣች ሳትባል አጠገባቸው ቆመች፤ ውስጧ ያለው የጥበቃ ሰው «እዚህ በእግር መሄድ ክልክል ነው፣ ግቡ!» ብሎ ሁለቱንም ከኋላ ጫነና ነዳው። እንዲህ ያለ ፍጥነት! ጋሽ ፍሬቻ በኋላ መስታወት ሲያይ ደላላው ሃንጋሩ በር ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። የተለመደው የጀርባ መስጠት ዘዴ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር ታግዞ ተፈጸመ፤ ጠባቡ በር ጋ አውርዶ ሲዘጋባቸው ፀሐይ ከአናት አዘቅዝቃ ነበር።

የመልሱን መንገድ ተያያዙት። ጋሽ ፍሬቻ ተመልሶ «ቀልዴን ነው፣ ያልከውን እከፍላለሁ» ማለት ይችል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ገዢ በገበያው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ትራፊኩ ቆመ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። አጠገባቸው የራሱ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ከሩቅ ከተማ ሲገባ አየ፤ አንዲት ወጣት በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ መንገዱ ዳር ለቆመች እናቷ እጇን ታወዛውዛለች። ጋሽ ፍሬቻ መሪውን ጨበጠ። ብሎን ጋራዡ በር ላይ ሲወርድ በሩን ሳይዘጋ ትንሽ ቆየ። «ሌላም ይመጣል፣ ወንድሜ» አለ። «አሮጌ ነገር ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም።» ከዚያ ዘጋው።

አመሻሽ ላይ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ሲታጠፍ የቤቱን በር መኪና ዘግቶት አገኘ። አራት መኪና። አንዱ የጎረቤቱን በር ጭምር ዘግቷል። የሐኪሟ፣ የጠበቃው፣ የባንከኛዋ፣ ከወር ወር የማይታጠበው የጭራው። ጋሽ ፍሬቻ ፍሬኑን ረገጠ። አራቱ አንድ ላይ የሚመጡት ሰው ሲሞት ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጠዋት «አሞሃል?» ብላ የጠየቀችው ሴት፣ እሱ ያልጠየቃት ሴት። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ ስሟን እየጠራ ገባ።

ባለቤቱ ሽርጧን ታጥቃ ከማእድ ቤት ብቅ አለች። በአንድ እጇ ጭልፋ፣ በሌላው ሽንኩርት። ፊቷ ከምድጃው ሙቀት ቀልቷል፤ ዓይኗ ውስጥ ያለው ግን የምድጃ አልነበረም። «ምን ያስሮጥሃል?» አለችው። «ደግሞ እንደ ሙሽራ ስሜን ትጠራለህ፣ በልጆች ፊት!»

ሳሎኑ ተንጫጫ። ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠለት። ጠዋት እሱ እንደ ወጣ የደላላው ጸሐፊ ቤት ደውላ «ጌታዬ አውሮፕላኑን ለማየት ሲመጡ መታወቂያ እንዳይረሱ» ብላለች። ባለቤቱ ስልኩን ዘግታ ትንሽ ተቀመጠች፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብላ ለራሷ ተረተች፤ ከዚያ ለሐኪሟ ደወለች። ለአንዷ መንገር ለአራቱ መንገር ነው። አራቱም ያሉበትን ጥለው ተነሡ። አሁን ሐኪሟ የአባቷን የእጅ አንጓ ይዛ የልብ ምቱን ትቆጥራለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ወሩስ?»

«እናንተ ያልመጣችሁበት ሁሉ ወር ለእኔ አንድ ነው» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ወሩን በስሙ ነገራት።

ጠበቃው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ምንጣፉ ላይ ይመላለሳል። «አባዬ፣ በሕግ ዓይን እንየው። ጋራዡ የጋራ ንብረት ነው፣ የእማዬ ፊርማ ያስፈልጋል...» ሲል ባንከኛዋ ከሶፋው ጫፍ «ፊርማውን ተወው፣ ማቆሚያውና ጥገናው ብቻ በዓመት ስድስት አውቶቡስ ይበላል!» አለች። «እሱንም ልል ነበር» አለ ጠበቃው ወደ እሷ ዞሮ፤ «ስንት ይሆናል ብለሽ ገመትሽ?» «ቁጭ በል ላሳይህ» አለችው። ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ዓይን ለዓይን ያልተያዩ ወንድምና እህት በአንዲት ስልክ ላይ አንገት ለአንገት ተደፍተው፣ አባታቸው ማበዱን በቁጥር ማረጋገጥ ጀመሩ። ሶፋው ጠባብ ስለነበር ጉልበታቸው ይነካካል። ጭራው ደግሞ ብስኩት አፉን ሞልቶ «ግን አባዬ፣ ስንት ሰው ይጭናል?» ሲል ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ዝም በል!» አሉት። በአንድ ድምፅ።

ጋሽ ፍሬቻ ወንበሩ ላይ ሳያስታውቅ ተቀመጠ። አንድ ነገር ለመስማት ጆሮውን አቁሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልሰማውም። መንገዱን ያነሣ የለም። ወገቡ የተቆረጠ የለም፣ ቀኑ ያለቀበት የለም፣ ነዳጁን ያሰበ የለም። ከማእድ ቤት የዶሮ ጥብስ ሽታ መጣ፣ የትልቁ ድስት ክዳን ተንኳኳ። ባለቤቱ የሾርባ ሳህን ልታቀብለው ጎንበስ ስትል ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ምነው ከአምስት ዓመት በፊት አውሮፕላን ባማረህ» አለችውና ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ትከሻዋ እየተርገፈገፈ ወደ ማእድ ቤት ተመለሰች። ልጆቹ እናታቸው የምታለቅስ መስሏቸው ጸጥ አሉ። ሐኪሟም አባቷን በተግሣጽ ዓይን አየችው።

«አንድ ነገር ቃል ግባልን» አለች። «እኛ ሳንኖር ምንም እንዳትፈርም።»

«እናንተ ከሌላችሁ?»

«ከሌለን አትፈርምም። የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

«እኔም እመጣለሁ» አለ ጠበቃው፤ «ሰነዱን ሳላይ አይሆንም።»

«እኔ የወጪውን ሠንጠረዥ ይዤ እመጣለሁ» አለች ባንከኛዋ። «አንድ ሳምንት አይበቃንም፣ ወር ይፈጃል።»

«እስኪተወው ድረስ በየሳምንቱ መምጣት ነው» አለ ጭራው፣ ሁለተኛ ሳህኑን እየጠየቀ።

በዚህ ጊዜ የጋሽ ፍሬቻ ስልክ ጮኸ። ደላላው ነበር። ድምፁ ከሃንጋሩ ወለል የበለጠ ያበራል፤ ድምፅ ማጉያው ስለተከፈተም ሁሉም ሰማው። «ጌታዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ለባለቤቱ አስተላልፌ ነበር። አሰቡበት፣ እርስዎ በጠሩት ዋጋ ተስማምተዋል!» ሳሎኑ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ቆመ። ለካ ባለቤት የሚባል ሰው በእውነት ነበር። ለካ ጀርባ ሳይሰጥም ይገዛ ነበር። ጋሽ ፍሬቻ ያቺን ነጭ ጫጩት አሰባት፤ ምሳ እንደረፈደበት ሰው ስትነሣ ታየችው፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በስልኩ ላይ ቀና ብሎ በጠረጴዛው ዙሪያ አየ። ሐኪሟ ሹካዋን እንደ መርፌ ይዛ ትጠብቃለች። ጠበቃው የእህቱን ክንድ ይዟል፤ እህቱም አላስለቀቀችም። ጭራው ማኘክ አቁሟል። ባለቤቱ ማእድ ቤቱ በር ላይ ጭልፋዋን ይዛ ቆማ፣ ከአራቱም ልጆች ራስ በላይ ታየዋለች።

«አልገዛውም» አለ ጋሽ ፍሬቻ ስልኩ ላይ። «ለፈለገ ሽጠው። ለፊታችን ቅዳሜ ሌላ አሮጌ አሳየኝ። ከዚያም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ።»

የደላላው ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድምፁ ጠፋ። «አልወደዱትም ጌታዬ?»

«በጣም ወድጄዋለሁ።»

«ዋጋው ነው?»

«ራሴ የጠራሁት ዋጋ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

«አባዬ፣ እኛም አልገባንም» አለች ሐኪሟ። «ለምን?»

«አልናገርም» አለ ጋሽ ፍሬቻ።